መድኃኒት የተባለው መርዝ

በጾም ወራት ከገበታችን የማይታጣው ቲማቲምና ሽንኩርት ከሚመጣባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ በስምጥ ሸለቆ በመቂና በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ምድር ነው። ወደዚያ በሄድን ጊዜ አንድ ገበሬ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፥ ባዶ እግሩን ሆኖ፥ አፉን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ ቲማቲሙን ሲረጭ አገኘን። «ወንድማችን፥ ይህ አይጎዳህም ወይ?» ብንለው፥ «መምህር፥ መድኃኒት እኮ ነው፤ ምን ያደርገኛል?» ሲል መለሰልን። ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ታናሽ ልጁ ሮጣ አቀፈችው፤ እኛም አይተን ዝም አልን። ይህን የምንጽፈው ስለዚያ ዝምታችን ነው።

መርዙን «መድኃኒት» ብሎ መጥራት ብዙዎችን አታልሏል። ማላቲዮንና ክሎርፒሪፎስን የመሳሰሉት የተባዩን ነርቭ የሚያውኩ ናቸው፤ የሰውንም ነርቭ እንዲሁ ያውካሉ። የሚገቡትም በአፍና በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ጭምር ነው። ነጠላ ግን እንፋሎቱን አያግድም፤ ይልቁንም ርሶ መርዙን ከፊት ጋር አጣብቆ ያቆየዋል።

ስለዚህ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፥ የጎማ ጓንት፥ መነጽር፥ ቦቲ ጫማና በዕቃው ላይ የታዘዘው የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋሉ። ይልቁንም መርዙ ገና በውሃ ሳይቀጥን፥ በሚበጠበጥበት ሰዓት ጥንቃቄው ይበርታ። ሙቀቱ ልብሱን ያስጥለናል የሚሉ፥ ነፋስ በማይበረታበት ማለዳ ወይም በሠርክ ይርጩ። የተደፈነውን የመርጫ ጫፍ በአፍ መንፋት አይገባም። ማንበብ የማይችልም ቢሆን፥ በዕቃው ላይ ያለው ቀይ ቀለም የብርቱ መርዝ ምልክት መሆኑን ይወቅ።

እመቤቶችም ይህን ልብ ይበሉ፤ የተረጨበት ልብስ ከቤተ ሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ባዶው ዕቃም ውሃ ወይም ዘይት አይያዝበትም። ከርጭት በኋላ ራስ ምታት፥ ላብ፥ ምራቅ መብዛት፥ ማስመለስ ወይም የዓይን መፍዘዝ ቢታይ፥ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙና አጥቦ፥ የመርዙን ስም ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መፍጠን ነው። ወተት መርዙን አይሽረውም።

በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በየማሳው ቆሞ ጓንት አያለብስም። መርዙን የሚሸጥ ነጋዴ ጓንቱንም አብሮ ያቅርብ፤ ዋጋው ለአንድ ሰው የሚከብድ ቢሆን ጎረቤታሞች ተባብረው ይግዙ።

አንተም ወንድማችን፥ ከማሳ ስትመለስ አስቀድመህ ታጠብ፥ ልብስህንም ለውጥ፤ ልጅህን ከዚያ በኋላ እቀፍ።