በ1776 የተቈጠሩት መሣሪያዎችና ያልተቈጠረው ቶም

ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ስለ ሙዚቃ ሲጠየቁ የሞዛርትን ስም ፈጥነው ይጠራሉ። ይህ የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስነቅፋቸው አይደለም። ነገር ግን ሞዛርት በነበረበት ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በኤውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ መግባቱን የሚያውቁ ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ ዛሬ ስለ አንድ ዓመት ብቻ እንጽፋለን።

ዓመቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር 1776፥ በእኛ 1768 እና 1769 ነው። በዚያ ዓመት ግሉክ የተባለው የዜማ ደራሲ «አልሴስት» የተባለውን በመዝሙር የሚነገር ቴያትር በፈረንሳይኛ አዘጋጅቶ በፓሪስ አሳየ። ሞዛርትም ገና የ20 ዓመት ጐልማሳ ሳለ በዛልስቡርግ ከተማ ለሀፍነር ቤተ ሰብ ሰርግ የሚሆን ረዥም ዜማ ደረሰ። በሎንዶን ደግሞ ሰር ጆን ሀውኪንስና ዶክተር ቻርልስ በርኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ እያንዳንዳቸው የሙዚቃን ታሪክ ጽፈው በአንድ ዓመት አወጡ። የሀውኪንስ አምስቱም ቅጽ በአንድ ጊዜ ሲወጣ፥ የበርኒ ግን የመጀመሪያው ቅጽ ብቻ ነበረ።

በዚህ በበርኒ ቅጽ ውስጥ ጄምስ ብሩስ የጻፈው ደብዳቤ ታትሞ ይገኛል። ብሩስ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ዘመን ጐንደር ተቀምጦ ወደ አገሩ የተመለሰ ስኮትላንዳዊ ነው። በደብዳቤውም በኢትዮጵያ የታወቁት መሣሪያዎች ስድስት ናቸው ብሎ ዋሽንትን፥ መለከትን፥ ነጋሪትን፥ ከበሮን፥ ጸናጽልንና ክራርን ቈጠረ። የክራሩም አውታር አንዳንድ ጊዜ 5፥ አንዳንድ ጊዜ 6፥ ብዙውን ጊዜ ግን 7 መሆኑን፥ አውታሩም ከበግና ከፍየል ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ መከረሩን አስረዳ።

ይሁን እንጂ ከስድስቱ መካከል ማሲንቆ የለም። ከዚህም በላይ ብሩስ በምጽዋ ገብቶ፥ በትግሬ በኩል ጐንደር ደርሶ፥ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ በስናር በኩል ስለ ወጣ፥ የባሮን ወንዝ አገር ከቶ አላየም። መንገዱ በቆመበት ዝርዝሩም ቆመ።

ዛሬ የጋምቤላ ክልል በሚባለው በባሮ አገር አኙዋኮች ቶም የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች በተርታ ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹም ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ምላሶቹን በአውራ ጣቶቹ እየተጫነ ይለቃቸዋል። ረዥሙ ምላስ ወፍራም ድምፅ፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ሣጥኑም ድምፁን ያጐላዋል። ይህ መሣሪያ በብሩስ ስድስት ውስጥ ከአንዱም ወገን አይደለም። ኑዌሮች ደግሞ ከክራር ጋር የሚዛመድ ባለ አውታር መሣሪያ ይመታሉ፤ ይኸውም ብሩስ በጐንደር ላየው ክራር በባሮ ዳር ዘመድ እንዳለው ያሳያል።

እኛ ይህን የምንጽፈው ብሩስን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰውዬው ያየውን በትጋት ጽፏል። ጥፋቱ የአንድ መንገደኛን ዝርዝር የአገር ሁሉ ቍጥር አድርጎ መቀበል ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፥ ያልተጻፈው እንደሌለ ይቈጠራል፤ አዋቂው ሽማግሌ ሲሞትም ዜማው አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ በጋምቤላ ለሥራ የተመደባችሁ ሹማምንት፥ ቶም ሲመታ በሰማችሁ ጊዜ የተጫዋቹን ፈቃድ ጠይቃችሁ የእንጨቱን ዓይነት፥ የምላሶቹን ቍጥርና ዜማው የሚዜምበትን ጊዜ ጻፉ። ወላጆችም ልጆቻችሁ የሞዛርትን ዜማ ከተማሩ በኋላ በአያታቸው ቤት ምን ይመታ እንደ ነበረ ጠይቀው በደብተራቸው እንዲጽፉ አድርጉ። በርኒ ስለ ኢትዮጵያ መሣሪያዎች በመጽሐፉ ያስገባው በብሩስ ደብዳቤ ተረድቶ ነው፤ የእኛ ልጆች ግን ደብዳቤ ሳይጠብቁ ከገዛ ቤታቸው ሊጀምሩ ይችላሉ።