ባጁ የሚመሰክረው ስለ ማን ነው?

በሆስፒታል የራጅ ክፍል የሚሠራ አንድ ሰው ለዕረፍት በአይሮፕላን ውጭ አገር ደርሶ ተመለሰ እንበል። ደረቱ ላይ የሚያደርገው የጨረራ መለኪያ ባጅም ሳያስበው በሻንጣው ውስጥ አብሮት ተጉዟል። ከዚያ በፊት ከዜሮ አልፎ የማያውቀው ባጅ ሲመረመር 1 ሚሊሲቨርት አሳየ። የሥራ ባልደረቦቹም «ይህማ የአይሮፕላኑ ነው» ብለው ነገሩን ተዉት። ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛ ይህን ፍርድ ከመቀበላችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ።

በእርግጥ ሰማይ ላይ ጨረር አለ። ቪክቶር ሄስ የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ሲለካ፥ ጨረሩ ከምድር በራቀ ቁጥር እየበረታ መሄዱን አገኘ፤ ስለዚህም ምንጩ ጠፈር መሆኑን አስረዳ። ለዚህ ሥራው በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። አየር ለእኛ እንደ ጋቢ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን ይሳሳል። የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ከጂቡቲ ሰው ይበልጥ የጠፈር ጨረር የሚደርሰው ስለዚህ ነው። የምድር ማግኔታዊ ኃይልም ይከላከልልናል፤ ይህ መከላከሉም በምድር ወገብ አካባቢ ይበረታል፥ ወደ ዋልታዎቹ ይደክማል።

እንግዲህ መጠኑ ስንት ነው? ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፥ በሰሜኑ መንገድ፥ በሰዓት 5 ማይክሮሲቨርት ገደማ ነው። የ10 ሰዓት ጉዞ 50 ማይክሮሲቨርት፥ ማለት 0.05 ሚሊሲቨርት ይሆናል። 1 ሚሊሲቨርት ለመሙላት 200 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል! ደግሞም በዚያ ከፍታ ከሚገኘው መጠን ግማሽ ያህሉ የኒውትሮን ነው፤ የተለመደው ባጅ ኒውትሮንን በሚገባ አይቆጥርም። ስለዚህ አንድ ደርሶ መልስ ጉዞ ብቻውን ይህን ቁጥር አያመጣም።

ታዲያ ከየት መጣ? አንደኛው ተጠርጣሪ የሻንጣ መፈተሻ ራጅ ነው። በአይሮፕላኑ ሆድ የሚጫን ሻንጣ የሚያልፍበት መሣሪያ የፎቶግራፍ ፊልም እስኪያበላሽ ድረስ ሊበረታ ይችላል። ይህ ከሆነ ጨረሩ ያገኘው ባጁን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ግን ራሱ የራጅ ክፍሉ ነው፤ ምናልባት የእርሳሱ መከለያ ተሰንጥቆ ይሆናል፥ ወይም ባጁ ከጉዞው በፊት መሣሪያው አጠገብ ተረስቶ ይሆናል።

ለጨረራ ሠራተኛ የተመከረው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ ተሰልቶ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ስለሆነ፥ 1 ሚሊሲቨርት የሚያስደነግጥ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በአይሮፕላን ከተሳበበ፥ የተሰነጠቀው መከለያ ሳይጠገን ይቀራል፤ ነገም በዚያው ክፍል ሌሎች ይቆማሉ። ስለዚህ ባጅ ከሥራ ቦታ አይውጣ፤ ከሥራ በኋላ ከጨረር በራቀ ስፍራ ከመቆጣጠሪያው ባጅ ጋር ይቀመጥ። በስሕተት ከተጓዘም የት የት እንደ ደረሰ ተጽፎ ለተቆጣጣሪው ይሰጥ።

ባጅ የሚመሰክረው በራሱ ላይ ስለ ደረሰው ብቻ ነው። ምስክርን ከማመን በፊት የት እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል።