ሰንበቴን አልፎ የሚያድር እንግዳ

የሰንበቴና የባቲ ገበያ ስማቸው በመንገደኞች ማስታወሻ ላይ መጻፍ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ፣ ከደጋው የሚወርደው አማራና ከበረሃው የሚወጣው አፋር፣ በመካከል የሚኖሩት ኦሮሞና አርጎባ በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ለማየት የሚመኝ ጎብኚ ጥቂት አይደለም። ይሁንና በከሚሴም ሆነ በሰንበቴ «ይህ ሁሉ ጎብኚ ለወረዳው ምን ተወለት?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር መልሱ ተድበስብሶ ይቀራል። አንዱ ማስታወቂያ አንሷል ይላል፤ ሌላው መንገዱንና ሆቴሉን ይወቅሳል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁሉም የጸጥታውን ነገር ያስቀድማል። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን አገር ሰላም ውሎ ሰላም በሚያድርበት፣ የጎብኚ መኪና በየሳምንቱ በሰንበቴ በሚቆምበት ዘመንም ቢሆን ገንዘቡ በወረዳው ውስጥ እምብዛም ሳይቀር አልፎ ሄዷልና፣ ከእነዚህ ሁሉ የቀደመ ምክንያት መፈለግ ግድ ይሆናል። እኔ እንደማምነው ያ ምክንያት የእንግዳው ማደሪያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የመንገዱን አቀማመጥ መመልከት ይበቃል። ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው በጣርማበር ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ተሻግሮ ሰንበቴ ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል፤ ገበያውም የደራበት ሰዓት ነው። ከዚያ በከሚሴ በኩል እስከ ኮምቦልቻ የቀረው ጎዳና ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቅ በመሆኑ፣ አስጎብኚው እንግዶቹን ጥቂት አዟዙሮ ይጭንና ጉዞውን ይቀጥላል። በማግስቱ ሰኞ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ባቲ ወርዶ፣ ያንኑ ዓይነት ገበያ በሰፊው አሳይቶ፣ ለአዳር ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ደሴ ይመለሳል። ሁለቱ ታላላቅ ገበያዎች ከእንግዳው የሚያገኙት እንግዲህ ከመዓልቱ ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱ የከተሞቹ ድርሻ ነው።

በእነዚያ ሰዓታት የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ይቆማል፤ ጎብኚው ወርዶ ወደ ግመሉ ተራ፣ ከዚያም ወደ ፍየሉና ወደ እህሉ ተራ ይዘልቃል፤ ግመልም ማሽላም የሚገዛ አይደለምና የሚወስደው ፎቶግራፍ ነው። ፊቷን ላስነሣች ሴት ወይም ለተከተለው ሕፃን ጥቂት ብር ይሰጣል፤ ፀሐዩ ሲበረታበት ከሩቅ ፋብሪካ ተጭኖ የመጣ የታሸገ ውሃ ይገዛል። ሻንጣው ውስጥ የሚገባ ነገር ካለ በቀድሞው ጊዜ አብዝቶ ይፈለግ የነበረው ጠገራ ብርና ከጠገራ ብር የተሠራ ጌጥ ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። እናት ለልጇ ያወረሰችው ድሪና አምባር አንድ ጊዜ ተሽጦ ከሄደ፣ እንደ ማሽላው በሚመጣው ክረምት ተዘርቶ አይገኝም፤ ስለዚህ በገበያው ከታየው ጥቂት የጎብኚ ገንዘብ ዋነኛው ክፍል ትርፍ ሳይሆን የቅርስ መለወጫ ሆኖ ቆይቷል። ሕፃኑም ቢሆን የእሑድ ምጽዋት ከእረኝነቱና ከትምህርቱ ይበልጥ የሚያዋጣ መስሎ ከታየው፣ ጉዳቱ በብር አይተመንም።

አንድ ሌሊት የሚያመጣው ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እንግዳ በመንደር ሲያድር እራት ይበላል፤ ለእራቱ ዶሮ፣ ለቁርሱ እንቁላልና ወተት፣ ለማለዳው ቡና ያስፈልጋል፤ ማገዶ የሚያቀርብ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሌሊት ዘብ የሚቆም፣ ሲነጋ ጓዙን በበቅሎ ወይም በአህያ የሚጭን፣ ወደ ተራራው የሚመራ ሰው ይሻል። እነዚህ ሁሉ በየቤቱ ያሉ፣ ከየጓሮው የሚወጡ ነገሮች ናቸውና ገንዘቡ በብዙ እጅ ይከፋፈላል፤ የተቀበለውም ሰው በዚያው ገበያ መልሶ ያወጣዋል። በኮምቦልቻ ሆቴል የሚቀርበው የፍየል ጥብስ ከዚሁ ከከሚሴ ቆላ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አልክድም፤ ሆኖም አርቢው የሚደርሰው የፍየሉ ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ የመኝታው፣ የምግብ ዝግጅቱና የመጠጡ ትርፍ በሙሉ ከተማ ይቀራል።

እንዲህ የሆነው በማንም ክፋት አይደለም። የቱሪዝም ድርጅት በ1954 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የተከበሩት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» በሚል መፈክር የሀገራችንን ስም ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ የታሪካዊው መስመር አካላት ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ነበሩ፤ የሚያገናኛቸውም አውሮፕላን ነበር። ያ ሥራ በዘመኑ ታላቅ ጥበብ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የወሎ ገጠር ከአውሮፕላኑ ክንፍ በታች ቀረ፤ በየብስ የሚሄደውም እንግዳ ልቡን ላሊበላ ላይ አድርጎ የሚያልፍ ሆነ። ላይ ላዩን ቀላል የሚመስል ሌላም ነገር አለ፤ የጉዞው ዋጋ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ስለሚከፈል፣ እንግዳው የት እንደሚያድር የሚወሰነው ሰንበቴን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ የአካባቢው ኅብረተሰብ ተጠቃሚ እንዲሆን በግልጽ ይናገራል፤ ነገር ግን የማደሪያው ቦታ እስካልተለወጠ ድረስ ቃሉ በምን መንገድ ፍሬ እንደሚያፈራ ለእኔ አይታየኝም።

የማደሪያውን ቦታ መለወጥ እንደሚቻል የሚያስረዳ ምሳሌ ለመፈለግ ከወሎ መውጣት አያሻም። በላሊበላ አጠገብ በመቄት ወረዳ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ሥራ አለ፤ ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ላይ፣ በመቋት ማርያምና በዋጀላ፣ የጋራ ንብረታቸው የሆኑ ጎጆዎችን ሠርተው እንግዳ ተቀበሉ። እንግዳው ዕቃውን በአህያ አስጭኖ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው በእግሩ እየተጓዘ ያድራል፤ ከሚከፍለውም ከፍ ያለው ድርሻ ለአስተናጋጁ ማኅበር ይቀራል። ገበሬው ግን ገበሬነቱን አልተወም። ከሰንበቴ በላይ በሚታየው የመንዝ ደጋ፣ በጓሳም እንዲሁ ሕዝቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ በዚያ የጋራ አስተዳደር አዲስ ነገር አይደለም፤ የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ በወል የሚጠብቅበት ሥርዓት ከጥንት ነበረውና፣ እንግዳው የመጣው ሕግ ባለበት ሀገር ላይ ነው። በኔፓልም በአናፑርና ተራሮች፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጎብኚ የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ ለዚያው አካባቢ እንዲውል ሲደረግ፣ ተራማጁ ጎብኚ በገበሬ ቤት እየበላ የሚያድርበት ልማድ ሰፍኗል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ እኔም ቀላል አድርጌ አላየውም። እንግዳ የሚያድርባት ላሊበላ ምን ደረሰባት? በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በረራውን አቋረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማይቱን ወረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የክልሉ ግጭት እንግዳን አራቀ። ኑሮውን በሙሉ በጎብኚ ላይ የመሠረተው አስጎብኚ፣ የሆቴል ሠራተኛና ዕደ ጥበብ ሻጭ ባዶ እጁን ቀረ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በባቲ ሲያልፍ የዚህም ሀገር ሰው መከራውን ተቀብሏል፤ ነገር ግን የሰንበቴና የባቲ ገበያ ሥሩ የደጋና የቆላ ልውውጥ ስለሆነ፣ ጎብኚ በመቅረቱ ብቻ የሚፈርስ ገበያ አይደለም። ከስሜን ተራሮች የምንማረውም ይህንኑ ተቃውሞ የሚያጠብቅ ነው። በደባርቅ የበቅሎ ባለቤቱ፣ የዱር ጠባቂውና ወጥ ሠሪው በአዳሩ ልክ እንጀራ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ፓርኩ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. ከቆየበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ እንዲሰረዝ ሲባል፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከተራራቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እንግዳ የሚያየው መልክዓ ምድር ሲጠበቅ፣ በዚያ ላይ ይኖር የነበረው ሰው የከተማ ዳር ነዋሪ ሆነ። እንግዲህ የእንግዳው ገንዘብ ለገበሬው የሲሳዩ ተጨማሪ እንጂ መሠረት እንዳይሆን መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ መቄት ከላሊበላ የሚሻልበትም ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

በከሚሴ አካባቢ ይህን ሁሉ ለመመዘን የሚያስችለው ቦታ ሾንኬ ነው። ሾንኬ በተራራ አናት ላይ የተሠራ ጥንታዊ የአርጎባ መንደር ሲሆን፣ የድንጋይ ቤቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ከአለቱ ጋር አንድ የሆኑ ይመስላሉ፤ በእስልምና ትምህርትም ስሙ የገነነ፣ ሼክ ጀውሀር ሐይደርን የመሰሉ ሊቅ ያስተማሩበት ነው። ከጊዜ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ለውሃና ለእርሻ ሲል ወደ ታች ወርዷል። ከዋናው አስፋልት እምብዛም የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ እሑድ ሰንበቴን ያየ እንግዳ እዚያ አድሮ ሰኞ ባቲ እንዲደርስ የሚያደርግ ዝግጅት አለመለመዱ የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን ዝግጅቱ መስጊድና የዱዓ ቤት ያለበትን መንደር ክብር የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ መጠጥ እንደማይገባ፣ ሴቶች ሳይፈቅዱ ፎቶግራፍ እንደማይነሡ፣ በስንት ሰዓት ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚገባ ሕጉን የሚያወጡት ሽማግሌዎቹ እንጂ ከአዲስ አበባ የሚላክ ወረቀት ሊሆን አይገባም። ውሃ ወደ አናት በሰውና በአህያ ጀርባ በሚወጣበት መንደር፣ ለእንግዳው መታጠቢያ የሚሆነው ውሃ ከማን ጀሪካን እንደሚቀነስም አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

እንግዳ በብዛት የማይመጣበት ያሁኑ ጊዜ ለዚህ ሥራ የማይመች ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሚመቸው ይኸው ጊዜ ነው። መንገዱ በተረጋጋ ማግስት ጎብኚውን ቀድሞ የሚደርሰው ቦታ ፈላጊው ባለሀብት ነውና፤ በሾንኬ ግርጌ የእንግዳ ቤት የሚሠራበት መሬት በመንደሩ ማኅበር ስም ይመዝገብ ወይስ በጨረታ ለሚገኝ ሰው ይሰጥ የሚለውን ጉዳይ፣ የወረዳው አስተዳደርና የመንደሩ ሽማግሌዎች ያ ሰው ከመምጣቱ በፊት ተቀምጠው ሊቋጩት ይገባል።