ከሥዕላዊ ትረካ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፦ «የሱፐርማን ሞት» ሁለት ጊዜ ፊልም የሆነበት መንገድ

በሥዕል የተተረከ ታሪክ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲመለስ ሥራው ቀላል እንደሆነ አድርጎ የሚገምት ሰው ብዙ ነው። ባለታሪኮቹ አስቀድሞ ተሥለዋል፤ ንግግራቸውም ተጽፏል፤ እንግዲህ የቀረው ሥዕሎቹ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ብቻ ይመስላል። በመርጃ መሣሪያ ዝግጅት የሚሠለጥኑ መምህራንም አንድን ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕልም ወደ ትዕይንት ሲያሸጋግሩ ይህንኑ ግምት ይዘው መነሣታቸው የተለመደ ነው። ግምቱ የት ላይ እንደሚሰናከል በግልጽ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ በ1992 መታተም የጀመረው «የሱፐርማን ሞት» የተባለው ሥዕላዊ ትረካ ነው። ይህ ትረካ በ2007 አንድ ጊዜ፣ በ2018 እና በ2019 ደግሞ ሌላ ጊዜ የአኒሜሽን ፊልም ሆኗል። አንድ ምንጭ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ስለተሞከረ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየቱ ስለ ሙያው ብዙ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሱፐርማን በጸሐፊው በጄሪ ሲግል እና በሠዓሊው በጆ ሹስተር ተፈጥሮ በ1938 ለሕዝብ የቀረበ ልዕለ ኃያል ጀግና ነው። በሕፃንነቱ ከሌላ ዓለም ወደ ምድር መጥቶ በገበሬዎች ቤት ያደገ ሲሆን፣ ማንነቱን ሸሽጎ ክላርክ ኬንት በሚል ስም በጋዜጠኝነት ይሠራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ታሪኩ በአራት ወርኃዊ መጽሔቶች እየተቀባበለ ይወጣ ነበር፤ አንባቢውም ታሪኩን ላለመሳት በየሳምንቱ አንዱን መግዛት ነበረበት። አዘጋጆቹ ክላርክን ከባልደረባው ከሎይስ ሌን ጋር ለመዳር አቅደው ሳለ፣ ስለ ሁለቱ ፍቅር የሚያወሳ የቴሌቪዥን ድራማ በመዘጋጀት ላይ ስለነበረ ሠርጉ እንዲዘገይ ተደረገ። ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ጄሪ ኦርድዌይ በእቅድ ስብሰባዎች ላይ ጀግናውን እንግደለው እያለ ይቀልድ እንደነበር ይነገራል፤ ሠርጉ ሲቀር ቀልዱ እቅድ ሆነ። በዚህ ዓይነት ዱምስዴይ፣ ማለትም የምጽአት ቀን የሚል ስም የተሰጠው፣ ንግግር የሌለው አውሬ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ እያፈራረሰ ወደ ሱፐርማን ከተማ ወደ ሜትሮፖሊስ ይገሠግሣል። ጀግናውና አውሬው ጀግናው በሚሠራበት ጋዜጣ ሕንፃ ፊት ለፊት እርስ በርሳቸው ተገዳድለው ይወድቃሉ።

በኅዳር ወር 1992 ለገበያ የቀረበው ይህ እትም በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። አንደኛው ዓይነት በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ፣ ከውስጡ በክንድ ላይ የሚታሰር የሐዘን ጨርቅ ተጨምሮበት ነበር። የገበያው ጩኸት ግን አንድ ትልቅ የሙያ ነገር ሸፍኗል። ከመጨረሻዎቹ አራት እትሞች በመጀመሪያው እያንዳንዱ ገጽ በአራት የሥዕል ክፈፎች ተከፍሏል። በሁለተኛው እትም ክፈፎቹ ሦስት ይሆናሉ፤ በሦስተኛው ሁለት ብቻ ይቀራሉ። ዳን ጀርገንስ በጻፈውና በነደፈው በአራተኛው፣ ማለትም ጀግናው በሚሞትበት እትም፣ ገጹ በሙሉ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ታጥፎ የተቀመጠ በመሆኑ አንባቢው በእጁ ዘርግቶ ያየዋል። ይህን አቆጣጠር ልብ ብሎ የማያስተውል አንባቢ እንኳን ስሜቱ አያመልጠውም። ሥዕሎቹ እየሰፉ በሄዱ መጠን ንግግሩ ይቀንሳል፤ ገጹ በፍጥነት ይገለበጣል፤ ምቱም ይከብዳል። መጨረሻው እየቀረበ መሆኑን የሚናገር አንድ ቃል ሳይጻፍ የገጹ አከፋፈል ራሱ ይናገራል።

ይህ ሊሆን የቻለው በሥዕላዊ ትረካ ውስጥ ቦታ ጊዜን ስለሚተካ ነው። በሸራ ላይ በተርታ የሚሣለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ የተመለከተ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በዚያ ሥዕል ውስጥ ክፈፎቹ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ስለሆኑ ታሪኩ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ዓይነት እርምጃ ይሄዳል፤ ዘንዶው ሲገደልም ሆነ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ስፍራ አንድ ነው። የዘመናዊው ሥዕላዊ ትረካ ባለሙያ ግን ክፈፉን ሲያሰፋና ሲያጠብ የአንባቢውን ትንፋሽ ያረዝማል፣ ያሳጥራል። በክፈፍና በክፈፍ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ የሚሞላውም አንባቢው ነው። ጡጫው ሲነሣ በአንዱ ክፈፍ፣ ሲያርፍ በሌላው ይታያል፤ መካከሉ የሚፈጸመው በአንባቢው ሐሳብ ውስጥ ነው።

በፊልም ሁኔታው የተለየ ነው። የማሳያው ሸራ ስፋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። በሥዕል ፊልም አንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ምስል ስለሚሸፍን በሰከንድ 12 ሥዕሎች ሊበቁ ይችላሉ። ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚወስድ ፊልም 108,000 ምስሎች ይኖሩታል። በመጽሔቱ ላይ ሠዓሊው አንዱን ጡንቻ በመቶ ጭረት ቢሥለው ድካሙ የአንድ ቀን ነው፤ በፊልም ግን ያ ጭረት ሺህ ጊዜ መደገም ስላለበት ባለታሪኮቹ በጥቂትና በንጹሕ መስመር እንደገና ይነደፋሉ። የሥዕል ፊልም አዘጋጆች ሥራቸውን የሚጀምሩበት ስቶሪቦርድ የተባለው ተከታታይ ንድፍ ከሥዕላዊ ትረካ ጋር ስለሚመሳሰል፣ መጽሔቱን እንዳለ ወስዶ እንደ ስቶሪቦርድ መጠቀም የሚቻል ይመስላል። ይሁን እንጂ የስቶሪቦርድ ክፈፎች የማሳያውን ሸራ ቅርጽ ስለሚከተሉ ሁሉም እኩል ናቸው። ከአራት ወደ አንድ የወረደው የሱፐርማን ገጽ ወደዚያ ሲገባ አቆጣጠሩ ይጠፋል።

ከዚህ ቀደምም የፊልሙ ጠባይ በዚሁ ጀግና ላይ ለውጥ አስከትሎ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ሱፐርማን በ1938 ለሕዝብ ሲቀርብ ከፍ ብሎ ይዘል ነበር እንጂ አይበርም ነበር። የፍላይሸር ወንድማማቾች ስቱዲዮ ከ1941 ጀምሮ አጫጭር ፊልሞቹን ሲያዘጋጅ፣ መሬት እየነካ የሚነሣው ዝላይ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ስላላማረ መብረር እንደተመረጠ ይነገራል። ዛሬ ከጀግናው የማይለየው ችሎታ በከፊል የሥዕል ፊልም ባለሙያዎች ውሳኔ ነው ማለት ነው።

የ2007ቱ ፊልም «ሱፐርማን፦ ዱምስዴይ» በሚል ርዕስ በብሩስ ቲም፣ በሎረን ሞንትጎመሪ እና በብራንደን ቪየቲ አዘጋጅነት ወጣ። ርዝመቱ ከ80 ደቂቃ አይበልጥም። በመጽሔቶቹ ላይ ከሞቱ በኋላ የቀብሩ ታሪክ በተከታታይ እትሞች ተተርኳል፤ ከዚያም ኅትመቱ ለጥቂት ወራት ቆሞ፣ በ1993 ሲቀጥል እያንዳንዳቸው የሱፐርማንን ስፍራ የያዙ አራት እንግዶች ተነሡ። አንዱ ከብረትና ከሥጋ የተሠራ፣ አንዱ የብረት ልብስ የለበሰ ሠራተኛ፣ አንዱ ጎረምሳ፣ አንዱ ርኅራኄ የሌለው ቀጪ ነበር። ይህ ሁሉ በ80 ደቂቃ ውስጥ ሊገባ አይችልም። አዘጋጆቹ አራቱንም አስወጥተው በምትካቸው የሱፐርማን ባላጋራ ሌክስ ሉተር በቤተ ሙከራ የፈጠረውን አንድ ቅጂ አስገቡ። ሕዝቡ ጀግናው ከሞት ተመለሰ ብሎ ይደሰታል፤ ቅጂው ግን ወንጀለኛን ያለ ፍርድ እስከ መግደል ይደርሳል፤ ቀስ በቀስም ከተማውን በፍርሃት ይገዛል። አውሬው ከመሬት የሚወጣውም በሉተር ኩባንያ ቁፋሮ ምክንያት ስለሆነ፣ በመጽሔቱ ላይ ተበታትነው የነበሩት መነሻዎች በአንድ ሰው እጅ ተሰብስበዋል።

ይህ ለውጥ ሲታይ ድፍረት ነው፤ ለመጽሔቱ አፍቃሪ ደግሞ ክሕደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አራቱ እንግዶች በመጽሔቱ ላይ የቆሙት ለአንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ጀግናውን ጀግና የሚያደርገው ጉልበቱ ነው ወይስ ጉልበቱን የሚገታው ኅሊናው ነው የሚለው ነው። ፊልሙ አራቱን ጥሎ ጥያቄውን አስቀርቷል። የሐዘኑም ነገር በጥሩ ሁኔታ ተይዟል። በመጽሔቱ ላይ የክላርክ ወላጆች የልጃቸውን መጨረሻ ከእርሻቸው ሆነው በቴሌቪዥን ያያሉ፤ ልጃችን ነው ብለው በአደባባይ ሊያለቅሱ አይችሉም። በፊልሙ ሎይስ ወደ እናቲቱ ቤት የምትሄድበት ክፍል ይህንኑ የተደበቀ ሐዘን በሁለት ሴቶች ጭውውት ይገልጸዋል። የፊልሙ ድካም ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጀግናው የሚሞተው ገና በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው። የመጽሔቱ አንባቢ ለዓመታት በየሳምንቱ አብሮት የኖረውን ሰው ሲያጣ፣ የፊልሙ ተመልካች ግን ያወቀው ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ነው።

የ2018ቱ ፊልም የተነሣው በዚህ ጉድለት ላይ ይመስላል። በፒተር ቶማሲ ድርሰት የተዘጋጀው ይህ ሥራ ታሪኩን ለሁለት ፊልሞች ስለከፈለው ከሞቱ በፊት ላለው ሕይወት ጊዜ አግኝቷል። በመጽሔቱ ላይ ሎይስ አስቀድማ ለክላርክ ታጭታ ምሥጢሩንም አውቃ ነበር፤ በፊልሙ ግን ማንነቱን የሚነግራት ከውጊያው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም፣ ለዓመታት የተከማቸውን ትዝታ በአንድ የምሳ ሰዓት ንግግር ለመተካት የተደረገ ሙከራ ነው፤ በአመዛኙም ተሳክቷል። ሌላው ብልሃት የሃንክ ሄንሾ አገባብ ነው። ይህ ጠፈርተኛ በኋላ ከብረትና ከሥጋ የተሠራው ሐሰተኛ ሱፐርማን ይሆናል። በመጽሔቱ ላይ አደጋው የደረሰበት በ1990 በወጣ እትም ስለሆነ፣ በ1993 ማንነቱ ሲገለጥ የቆየ አንባቢ ብቻ ወደ ኋላ ያስታውስ ነበር። የፊልም ተመልካች እንዲህ ያለ ትዝታ ስለሌለው፣ የሄንሾ መንኮራኩር የሚሰባበረው አውሬውን ወደ ምድር ካመጣው ተወርዋሪ ዐለት ጋር በተያያዘ አደጋ እንዲሆን ተደረገ። በሦስት ዓመት ርቀት የተተከለው ዘር በአንድ ፊልም መጀመሪያ ላይ ተተከለ።

ሁለተኛው ክፍል፣ «የሱፐርማኖች ዘመን» ሊባል የሚችለው የ2019 ፊልም፣ አራቱን እንግዶች መልሶ አምጥቷል። ለመጽሔቱ ያለው ታማኝነት በዚህ ይበልጣል፤ በዚያው ልክ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ ያነሰ ነው። በመጽሔቱ ላይ ኮስት ሲቲ የተባለችው ከተማ ከነሕዝቧ የጠፋችበት ከባድ ክፍል ቀርቷል፤ ሞንጉል የተባለውም ክፉ ባለታሪክ ከተከታታዩ ፊልሞች በቀደመው በ2014 ፊልም በታወቀው በዳርክሳይድ ተተክቷል። የአራት እንግዶች መገኘት ብቻውን ጥያቄውን አያጠነክረውም፤ የ2007ቱ አንድ ቅጂ ከአራቱ የበለጠ ያስጨንቃል። ይሁንና በሁለቱ ፊልሞች መውጫ መካከል ወደ ግማሽ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መኖሩ፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ኅትመቱ ቆሞ አንባቢው የጠበቀባቸውን የ1993 ወራት የሚመስል ነገር ፈጥሯል።

ከአራት ወደ አንድ የሚወርደውን የገጽ አቆጣጠር ግን ከፊልሞቹ አንዱም እንደነበረ ሊያመጣው አልቻለም። ፊልም ያለው መሣሪያ የእይታ ርዝመት፣ ድምፅና ጸጥታ ነው። አንድ እይታ ሳይቆረጥ ሲቆይ ሥዕሉ እንደሰፋ ይቆጠራል፤ ሙዚቃው ሲቋረጥ ንግግሩ ከገጹ ላይ እንደጠፋ ይቆጠራል። ታጥፎ የሚዘረጋው ገጽ ግን አንባቢው በገዛ እጁ ሞቱን የሚገልጥበት በመሆኑ ተመሳሳይ አያገኝም፤ ተመልካች ፊልሙን አይዘረጋውም፣ ፊልሙ በራሱ ጊዜ ያልፍበታል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ይህን ጉዳይ በተግባር ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሠልጣኞች የሚያውቁትን አንድ ተረት በአሥራ ሁለት ክፈፎች በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ የክፈፎቹን ስፋት እንደ ነገሩ ክብደት ያለያዩ። ቀጥሎም ከእያንዳንዱ ክፈፍ ሥር ያ ትዕይንት በፊልም ስንት ሰከንድ እንደሚቆይና ምን ድምፅ እንደሚሰማ ይጻፉ። ጠቅላላው ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ ገደብ ይደረግ። በመጨረሻ ሦስት ክፈፎች እንዲቀንሱ ሲታዘዙ የትኞቹን እንዳስወጡና ያስወጡት ክፈፍ ይዞት የነበረውን ነገር ወዴት እንዳዛወሩት በቃል ያስረዱ። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሙከራ የሚያስወጡት ጸጥ ያሉትን ክፈፎች ነው፤ ለውይይቱም መነሻ የሚሆነው ይኸው ነው።