ልጅ የማይከፍተው፣ አያት የምትከፍተው ክዳን

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ማግስት ቤታችን ውስጥ የሆነውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በነርስነት ያገለገለች፣ ለስንት እናት «መድኃኒት ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ» ስትል የኖረች ሴት፣ በገዛ ቤቷ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባት ያሳፍራል። ሆኖም ሀፍረቴን ታቅፌ ከምቀመጥ አንዲት አያት እንኳ ብትጠቀምበት ይሻላል ብዬ ልናገረው ወሰንኩ።

የደም ግፊት አለብኝ። አሜሪካ ያለችው ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ቆይቼ ስመለስ፣ እዚያ ሐኪም አይቶ ያዘዘልኝን ክኒን ይዤ መጣሁ። ብልቃጡ ብርቱካንማ ፕላስቲክ፣ ክዳኑ ነጭ ነው። እንደ ወትሮው ሳዞረው ቀጭ ቀጭ እያለ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። ልጄ «እማዬ፣ መጀመሪያ ወደ ታች ተጫኚው፣ ሳትለቂው አዙሪው» ብላ አሳይታኝ ነበር። እሷ አጠገቤ ሳለች ቀላል ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት የጣቶቼ መገጣጠሚያ ስለሚጠዘጥዘኝ ያ ክዳን ጠላቴ ሆነ። አንድ ቀን በንዴት ክኒኑን በሙሉ ወደ ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ገለበጥኩትና ተገላገልኩ።

የበዓሉ ማግስት የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ቆርቆሮውን አገኘው። የሰማሁት የሚንኳኳ ድምፅ ነው። ከወጥ ቤት ስወጣ ክኒኑ ምንጣፍ ላይ ተበትኗል፣ እሱ መሐል ተቀምጦ ይስቃል። ጠዋት ስውጥ ቆጥሬ ስለነበር 26 መሆን ነበረበት። ሰብስበን ስንቆጥር 24 ሆነ። ለአዋቂ የታዘዘ የግፊት ክኒን የትንሽ ልጅን ደም ግፊት ክፉኛ ሊጥለው እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም። ልጁን ታቅፈን ወደ ሆስፒታል ሮጥን። በመንገድ ላይ ወንዱ ልጄ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «እማዬ፣ ለሌላ ሰው ስትነግሪ አልነበረም?»

ሌሊቱን ሙሉ ግፊቱ እየተለካ አደረ። ምንም አልሆነም። በነጋታው ቤት ስንጠርግ አንዱ ክኒን ከሶፋው ሥር ወጣ። ሁለተኛው ደግሞ ከአሻንጉሊት መኪናው ውስጥ ተገኘ፤ ለካ ጭነት ጭኖበት ኖሯል! ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነጭ ክዳን ማንበብ ጀመርኩ። ማን ሠራው? ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ? ታሪኩ ከእኔ ጥፋት ጋር በጣም የሚገናኝ ሆኖ አገኘሁት።

የሕፃናት ሐኪሙ ክዳን

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ልጆች በመድኃኒት ይመረዙ ነበር። ዋናው ተጠያቂ አስፕሪን ነው። ለልጆች ተብሎ የሚሠራው አስፕሪን የብርቱካን ጣዕም ነበረው። ልጅ የሚያየው መድኃኒት ሳይሆን ከረሜላ ነው። ክዳኑም እንደማንኛውም ክዳን የሚዞር ወይም በጥፍር የሚነሣ ነበር። ወላጅ ዞር ሲል ልጁ ብልቃጡን ባዶ ያደርገዋል። ከተወሰዱት መፍትሔዎች አንዱ መጠኑን መቀነስ ነበር፤ በአንድ ብልቃጥ የሚገባው የልጆች አስፕሪን ከ36 ፍሬ እንዳይበልጥ ተደረገ። ልጁ ሁሉንም ቢውጠው እንኳ ጉዳቱ እንዲያንስ ማለት ነው።

በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ዊንዘር በምትባል ከተማ ዶክተር ሄንሪ ብሮ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። በሆስፒታላቸው የመመረዝ መከላከያ ማዕከሉን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። በየጊዜው የሚመጡላቸውን ልጆች ሆድ ማጠብ ሰለቻቸው። ወላጅን መምከር ብቻ እንደማይበቃ ስላዩ፣ ትንሽ ልጅ የማይከፍተው ክዳን እንዲሠራ መወትወት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1967 «ፓልም ኤንድ ተርን» የተባለው፣ በመዳፍ ተጭነው የሚያዞሩት ክዳን ተገኘ። በዊንዘርና አካባቢዋ ሥራ ላይ ሲውል የልጆች መመረዝ 91 በመቶ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኦንታሪዮ ግዴታ አደረገችው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1970 ለመድኃኒትና ለአደገኛ የቤት ውስጥ ኬሚካሎች አስተሻሸግ ሕግ አወጣች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑ በአንዱ ላይ ሌላው የተደረበ ሁለት ቆብ ነው። የላዩን ብቻ ብታዞሩት ለብቻው ይሽከረከራል፤ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ወደ ታች ስትጫኑት ግን የላዩ ጥርሶች ከውስጠኛው ጥርሶች ጋር ይያያዙና አብረው ይዞራሉ። የሦስት ዓመት ልጅ መጫንም ማዞርም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ግን ለእጁም ለሐሳቡም ይከብደዋል። ክዳኑ የተመሠረተው በጉልበት ላይ ሳይሆን በልጅ አስተዳደግ ዕውቀት ላይ ነው።

አያቶች የተረሱበት ፈተና

አሜሪካ እንዲህ ያለውን ክዳን የምትፈትነው በልጆች በራሳቸው ነው። ከ42 እስከ 51 ወር የሆናቸው ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡና ብልቃጥ ይሰጣቸዋል፤ አምስት ደቂቃ ይሞክራሉ። ካልከፈቱት አዋቂው አንድ ጊዜ ከፍቶ ያሳያቸዋል፤ በጥርሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ ይባላሉ። ከዚያ ሌላ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ካሳዩአቸውም በኋላ እንኳ ከመቶው ቢያንስ 80ዎቹ መክፈት ካልቻሉ ክዳኑ አለፈ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ከመቶው ሃያው ቢከፍቱትም ያልፋል። ስለዚህ ልጅን የሚያዘገይ እንጂ ፈጽሞ የሚከለክል ክዳን የለም።

አዋቂም ይፈተናል፤ የሚከፍተው መሆኑ መታወቅ አለበት። እኔን ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ለአዋቂው ፈተና የሚመረጡት ከ18 እስከ 45 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ነበሩ። ክኒን በብዛት የሚውጠው ማን ነው? ሽማግሌውና አሮጊቷ! በጣታቸው አቅም ስላልተሠራ ብዙ አዛውንት ክዳኑን ክፍት ይተዉታል፣ ወይም እንደ እኔ ክኒኑን ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል። የአያት ቤት ደግሞ የልጅ ልጅ የሚመጣበት ቤት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 ደንቡ ተለወጠ። ፈተናው ከ50 እስከ 70 ዓመት በሆናቸው ሰዎች እንዲሆን ተደረገ፤ ከመቶው 90ዎቹ ከፍተው መልሰው መክደን መቻል አለባቸው። ፋብሪካዎችም ብዙ ጉልበት የማይጠይቁ ክዳኖች መሥራት ነበረባቸው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ባይቀርም፣ በዚያ መንገድ የሄድኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም።

የእኛ ቤት ዕቃዎች

እኛስ? ሥራ ስጀምር፣ በ1973 ዓ.ም.፣ ክኒን የሚመጣልን አንድ ሺህ ፍሬ በያዘ ቆርቆሮ ነበር። በማንኪያ ቆጥረን በትንሽ የወረቀት ከረጢት እንሰጣለን፤ ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ እንሥልበታለን። ወረቀት ልጅን አንድ ደቂቃ እንኳ አያቆመውም። ከዚያ አንድ አንዱን ፍሬ እየገፉ የሚያወጡት እሽግ መጣ። እሱ ይሻላል፤ ልጅ አንዱን እስኪያወጣ ሰው ይደርስበታል።

በእኔ ጊዜ ከክኒን በላይ ያስለቀሰን ግን ነጭ ጋዝ ነው። ጋዙ የሚቀመጠው ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ፣ በጨርቅ ወይም በፌስታል ተወትፎ ነበር። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ስትመጣ አይረሳኝም። ውሃ ጠምቶት አንስቶ ጠጣ። እሷ ደግሞ ደግ ያደረገች መስሏት ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከታ አስመለሰችው። ጋዙ ሲወጣ ወደ ሳንባው ገባ። ሁለት ሳምንት በሳንባ ምች ተኝቶ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። ያልዳኑም አይቻለሁ።

ዛሬ ጠርሙሱ ተለውጧል፣ አደጋው ግን አልተለወጠም። በረኪና ሃይላንድ ውስጥ ይቀዳል። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠንካራ ነው፣ በነጻ ይገኛል፣ ክዳንም አለው፤ ለምን እንደምንጠቀምበት ይገባኛል። ነገር ግን ልጅ ማንበብ አይችልም፤ ለልጅ መለያው የዕቃው ቅርጽ ነው። ውሃ ሲጠጣበት ባደገው ዕቃ ውስጥ በረኪና ከቀዳንለት፣ ያታለልነው እኛ ነን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። በረኪናና ነጭ ጋዝ ውሃ ወይም ለስላሳ በነበረበት ዕቃ አይቀዳ፤ ከላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ቢቻል ይቆለፍበት። መድኃኒት ከመጣበት ዕቃ አይገልበጥ። ክዳኑ ካስቸገራችሁ ለፋርማሲው ሰው ንገሩት፤ ወይም በየቀኑ የሚከፍትላችሁ ሰው ይኑር። ልጁ እንዲውጥላችሁ ብላችሁ መድኃኒትን «ከረሜላ ነው» አትበሉት። የእንግዳን ቦርሳ፣ በተለይ የአያትን ቦርሳ፣ ወለል ላይ አትተዉ። ልጅ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ከጠጣ ደግሞ አታስመልሱት። የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የእኔ ክኒን አሁን ወደ ብርቱካንማው ብልቃጥ ተመልሷል፤ የሚቀመጠውም ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የምራቴን እጅ እጠብቃለሁ። ተጭና አዙራ ትከፍትልኛለች፣ አንዱን ትሰጠኛለች፣ ትከድነዋለች። የከረሜላው ቆርቆሮ ግን አልተጣለም። አሁን ከረሜላ ብቻ አለበት።