የስኳር ሕመምና የእግር ጣት መቆረጥ፦ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች የቀረውን እግር መጠበቅ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በማይድን ቁስል ምክንያት የእግር ጣቱ ሲቆረጥ፣ ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሲጠግግ ሕክምናው እንዳበቃ አድርጎ የሚያስበው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጣቱን ለመቆረጥ ያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶች፣ ማለትም የነርቭ ጉዳትና የደም ዝውውር መቀነስ፣ በቀዶ ሕክምናው አይወገዱም። ዓለም አቀፍ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከስኳር ሕመም ጋር የተያያዘ የእግር ቁስል ከዳነላቸው 100 ሰዎች መካከል 40 ያህሉ በአንድ ዓመት፣ 65 ያህሉ ደግሞ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። በመሆኑም ከጣት መቆረጥ በኋላ ቀዳሚው ተግባር የቀረውን እግር ማዳን ነው።

ይህ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በዶሎ ኦዶ ለሚኖሩ ወገኖች የኑሮ ጉዳይም ነው። ከብትና ግመል መከተል፣ ውኃ መቅዳትና ገበያ መውጣት በአብዛኛው በእግር የሚከናወኑ ናቸው። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የምትርቅ በመሆኗም፣ ቁስሉ ከተባባሰ ለከፍተኛ ሕክምና ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ሊሆን ይችላል።

ጣት ሲጎድል በእግር ላይ የሚከሰት ለውጥ

አውራ ጣት ሰው ሲራመድ መሬቱን ገፍቶ ሰውነትን ወደፊት ያሻግራል። እርሱ ሲጎድል ጫናው ወደ ሁለተኛው ጣትና ከሥሩ ወዳለው የውስጥ እግር ክፍል ይዛወራል። በዚያ ስፍራ ቆዳው ይደድራል፤ ከደደረው ቆዳ ሥርም ሳይታይ ቁስል ሊፈጠር ይችላል። ከመካከል ያለ ጣት ሲቆረጥ ደግሞ ጎረቤት ጣቶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ በጫማም ይፋተጋሉ። ስለሆነም የደደረ ቆዳ በጤና ባለሙያ ሊነሣ ይገባል እንጂ በቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ፈጽሞ አይመከርም።

የጫማ ምርጫ

በአካባቢው የተለመደው ከጎማ የሚሠራ በረባሶ ጠንካራ ቢሆንም ፊቱ ክፍት ነው፤ አሸዋ፣ ጠጠርና የግራር እሾህ ያስገባል። ስሜት የሌለው እግር ደግሞ እሾህ ተሰክቶበት ቀኑን ሙሉ ሊራመድ ይችላል። ተስማሚ የሚባለው ጫማ ጣቶችን የሚሸፍን፣ ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ርዝመቱም ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ነው። እግር ከሰዓት በኋላ ስለሚያብጥ ጫማ በዚያ ሰዓት መለካት ይመረጣል። ከመልበስ በፊትም ውስጡን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። በጎደለው ጣት ቦታ የሚገባ ለስላሳ መሙያ በባለሙያ ልክ ሊዘጋጅ ይችላል።

ይህ አሠራር ለሀገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ ምክንያት እግራቸው ለደነዘዘ ወገኖች መከላከያ ጫማ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። የሕመሞቹ መንስኤ ቢለያይም የደነዘዘ እግርን የመጠበቅ መርሕ አንድ ነው።

የዕለት ተዕለት ክትትል

እግርን በየቀኑ መመልከት፣ የውስጡንም በመስተዋት ወይም በቤተሰብ እርዳታ ማየት ተገቢ ነው። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ምእመናን ይህንኑ ጊዜ ለምርመራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ሲጨርሱ ግን በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በሚገባ ማድረቅ ይኖርባቸዋል። በቀትር ፀሐይ የጋለ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ላይ በባዶ እግር መቆም የማይሰማ ቃጠሎ ያስከትላል። በኤል ሶዳ የጨው ውኃ ውስጥ መሥራትም ሆነ በጥልቅ ጉድጓዶች ጭቃ ውስጥ ቆሞ ውኃ መቅዳት ለሌላ የቤተሰብ አባል ቢተላለፍ ይመረጣል።

የስሜት መጥፋትን ቤተሰብም ሊፈትሽ ይችላል። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ የአውራ፣ የመካከለኛና የትንሿ ጣት ጫፍ በሁለቱም እግሮች ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ያህል ሳይጫኑ ይነካሉ። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጣቶች ላይ ንክኪው ካልተሰማው እግሩ ደንዝዟል ማለት ነው። ጣት የተቆረጠበት ሰው ግን የፈተናው ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ እግሩን በየ1 እስከ 3 ወሩ በጤና ተቋም ማስመርመር አለበት።

የደም ስኳርና የደም ግፊትን መቆጣጠር እንዲሁም ሲጋራ አለማጨስ የደም ሥርን ይጠብቃሉ። ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሰዎች በቆላው ሙቀት መድኃኒቱ እንዳይበላሽ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃ በሚያቀዘቅዘው የሸክላ ዕቃ ማስቀመጥ ይረዳል።

በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የቆዳ መጥቆር፣ አዲስ ቁስል ወይም ትኩሳት ከታየ ገበያ እስኪያልፍ ወይም ከብቶቹ እስኪመለሱ መጠበቅ አይገባም። ሕመም አለመሰማቱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ የደነዘዘ እግር ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ዘልቆም ላያም ይችላልና። ቁስሉን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል ማሰር ወይም በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ጉዳቱን ያባብሳል። ወደ ጤና ተቋም እስኪደረስ ድረስ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በዚያ እግር አለመራመድ ይገባል፤ ስለሆነም ታካሚውን በተሽከርካሪ ወይም በእንስሳ ማጓጓዝ የቤተሰብና የጎረቤት ኃላፊነት ነው።