እውነት ወይስ ተረት? ዳግም ስለተከፈተው ዲዝኒላንድ የሚወራው

የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ በኮሮና ምክንያት ማርች 14 ቀን 2020 ተዘግቶ፣ በሩ ዳግም የተከፈተው ከ412 ቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2021 ነበር። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፓርኩም ትኬቱም የሚመራው በእነሱ ነውና።) በእኛ ዕለቱ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ነበር፤ ስቅለት። የሎስ አንጀለስ ምእመናን ሲሰግዱ በዋሉበት ቀን፣ ፓርኩ ባለበት አናሃይም ከተማ ጭንብል ያጠለቀ ሕዝብ ተራርቆ ተሰልፎ በሩ እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር። መግባት የሚችለው የካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ፣ ያውም ፓርኩ ከሚችለው ሕዝብ ሩብ ያህሉ ነበር። የሌላ ግዛት ሰው የተፈቀደለት ጁን 15 ላይ ነው።

ፓርኩ በ1955 ከተመረቀ ወዲህ ሳይታሰብ የተዘጋባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ጊዜና በ2001 የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ዕለት ተዘግቷል። ከዓመት በላይ ጭር ብሎ የከረመው ግን በኮሮና ዘመን ብቻ ነው። በ2021 መጀመሪያ ከመኪና ማቆሚያዎቹ አንዱ የኦሬንጅ ካውንቲ ሕዝብ የሚከተብበት ትልቅ ጣቢያ ሆኖ ነበር።

በሩ ሲከፈት የወጣው ዲዝኒላንድ የገባው ዲዝኒላንድ አልነበረም። መጫወቻዎቹ በአብዛኛው እንዳሉ ናቸው፤ የተቀየረው አገባቡ፣ አሰላለፉና አከፋፈሉ ነው። እኛ ግን ለጉዞ ስንሰናዳ የምንጠይቀው በ2015 ልጆቿን ይዛ የሄደችውን አክስት ነው። አክስት በቅንነት ትመክራለች፤ ምክሯ ግን ጊዜው አልፎበታል።

«በጠዋት ተነስተን ደርሰን፣ በር ላይ ትኬት እንቆርጣለን።»

ተረት። ድሮ እንዲህ ይደረግ ነበር። አሁን ቀን መርጦ አስቀድሞ መያዝ የግድ ነው፤ ቦታው ከሞላ ገንዘብ ይዞ መቆም አያስገባም። የብዙ ቀን ትኬት የገዛ ሰው ደግሞ «ትኬት አለኝ» ብሎ ከመዘናጋቱ በፊት፣ የሚሄድባቸው ቀናት በስሙ መያዛቸውን በፓርኩ አፕ ላይ ማረጋገጥ አለበት።

ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። የአንድ ቀን ትኬት ዝቅተኛው ዋጋ ከ2019 ጀምሮ ለዓመታት 104 ዶላር ሆኖ ሲቆይ፣ በዓልና የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ከ200 ዶላር ያልፋል። በጃንዋሪ መጨረሻ ማክሰኞ መሄድና በፈረንጆቹ ገና ሰሞን መሄድ ለአንድ ቤተሰብ የብዙ መቶ ዶላር ልዩነት ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነፃ ይገባል፤ አሥር የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። የቤታችን ልጆች ዕድሜ እዚህ በር አካባቢ ሲደርስ በተአምር ቁልቁል እንደሚቆጥር አይካድም።

«ፋስት ፓስ ወረቀት በነፃ ትወስዳላችሁ፤ ሰልፍ የለም።»

ተረት፤ ከሁሉም በላይ ኪስና ልብ የሚያደማው ይህኛው ነው። ፋስት ፓስ በ1999 የመጣ ነፃ አገልግሎት ነበር። ማሽኑ ላይ ትኬትን ሲያስገቡ «በዚህ ሰዓት ተመለሱ» የሚል ወረቀት ይወጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አጭሩን መስመር ይዞ መግባት ነው። ፓርኩ በ2020 ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ፤ ፓርኩ ሲከፈት ግን እሱ አልተመለሰም። በ2021 መጨረሻ ጂኒ ፕላስ የሚባል በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት ተተካ፤ እሱም በ2024 ስሙ ተቀይሮ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ተባለ። ዋጋው እንደ ቀኑ ሆኖ በሰው ከ30 ዶላር በላይ ነው፤ ለአምስት ሰው ሲባዛ የአንድ ተጨማሪ ትኬት ዋጋ ያህል ይሆናል። ሬዲየተር ስፕሪንግስ ሬሰርስን የመሰሉ በጣም የሚፈለጉ መጫወቻዎች ደግሞ ከዚህም ውጭ ለብቻ ይሸጣሉ።

ታዲያ ይገዛ ወይ? መልሱ በልጆቹ ቁመት ይወሰናል። የአራት ዓመት ልጅ የሚወዳቸው እነ ዱምቦ፣ ፒተር ፓን፣ አሊስና ስኖው ዋይት የፋንታሲላንድ መንደር ውስጥ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ የላይትኒንግ ሌን መስመር ጭራሽ የላቸውም። ትንንሽ ልጆች ብቻ ይዞ መልቲ ፓስ የገዛ ወላጅ አብዛኛውን የከፈለው ለማይጠቀምበት ነው። እንዲህ ላለው ቤተሰብ የሚያዋጣው በሩ ሳይከፈት መድረስና በቀጥታ ወደ ፒተር ፓን መሄድ ነው። የፒተር ፓን መርከቦች ትንንሽና ጥቂት ስለሆኑ በሰዓት የሚያሳፍሩት ሰው አነስተኛ ነው፤ ሰልፉ ረፋዱ ላይ ከረዘመ እስከ ማታ አያጥርም። ልጆቹ አሥርና አሥራ ሦስት ዓመት ከሆናቸው፣ ጊዜውም አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ እኔ እገዛለሁ።

ነፃ የቀሩ ሁለት መንገዶችም አሉ፤ ሐበሻ ግን ብዙም ሲጠቀምባቸው አይታይም። አንዱ ራይደር ስዊች ነው። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ካለ፣ አባት ትልቁን ይዞ ሲገባ እናት ከትንሹ ጋር ውጭ ትቆያለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ፤ እናት ሰልፉን እንደገና ከጅምሩ አትይዝም። ሁለተኛው ሲንግል ራይደር ነው። ማተርሆርንና ሚሌኒየም ፋልከንን በመሰሉ ጥቂት መጫወቻዎች ለብቻው የሚገባ ሰው ባዶ ወንበር ላይ እየተሰካ ይሄዳል። አብሮ መቀመጥ ካልተፈለገ ሰልፉ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊያጥር ይችላል። እኛ ዘንድ ችግሩ አብሮ አለመቀመጡ ነው፤ «እንዴት ለብቻዬ?» ይመጣል።

«እማማን በዊልቸር እንውሰዳቸው፤ ከፊት ያስገቡናል።»

ተረት፤ ከጀርባው ግን እውነት የነበረ ታሪክ አለ። ጠባብና ደረጃ ያላቸው የድሮ መስመሮች ዊልቸር ስለማያሳልፉ፣ በሌላ በር ማስገባት የተለመደ ነበር። በኋላ የተሠሩትና የታደሱት መስመሮች ዊልቸር የሚያሳልፉ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ስለዚህ ባለዊልቸሩም ከሰዉ ጋር ተሰልፎ ይገባል። መስመሩ በማይመችበት ቦታ ደግሞ ሠራተኛው የመመለሻ ሰዓት ይሰጣል፤ ጥበቃው ያው ነው፣ የሚጠበቅበት ቦታ ብቻ ይለያል።

በተለመደው ሰልፍ መጠበቅ ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጠው ሌላው ፈቃድ ዳስ በሚባል ምሕፃረ ቃል ይታወቃል። የመጣው በ2013 ነው፤ ያኔ ሀብታሞች ሰልፍ ለማለፍ አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ ይቀጥራሉ የሚል ዜና ጋዜጦች ላይ ወጥቶ ነበር። በ2024 ደግሞ ጠበብ ብሎ፣ በዋነኛነት እንደ ኦቲዝም ባለ የዕድገት እክል የተነሳ በተለመደው ሰልፍ ረጅም ሰዓት መጠበቅ ለማይችሉ ሆኗል። ጥያቄው በቪዲዮ ጥሪ ይታያል፤ ዋሽቶ የተገኘ ከፓርኩ እስከ ወዲያኛው ሊታገድ ይችላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላችሁ ግን አትፈሩ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተዘጋጀው ለእናንተ ነው።

ይህን ስል እማማ ዊልቸሩን ይተዉት ማለቴ አይደለም። ከመኪና ማቆሚያው አንስቶ ማታ ርችት እስኪተኮስ የሚኬደው መንገድ ጉልበት ለደከመው ከባድ ነው። ዊልቸሩን ለእግራቸው ብላችሁ ያዙት።

«ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ደስ የሚል ተረት! ብዙ የአሜሪካ መዝናኛ ፓርኮች ከውጭ ምግብ ስለማያስገቡ ሰው ዲዝኒላንድንም እንደዚያው ያስበዋል። ዲዝኒላንድ ግን ለራስ የሚበላ ምግብና አልኮል የሌለው መጠጥ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል። ደንቡ ቀላል ነው፤ መሞቅ የሚፈልግ ምግብ፣ የጠርሙስ ዕቃና በጣም ትልቅ የበረዶ ሳጥን አይገባም። እንግዲህ የፍትፍት ዕቃ፣ ጥቅል እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ ይገባል ማለት ነው። የሚቀረው ጠጁ ነው። ውኃም መግዛት አያስፈልግም፤ ፈጣን ምግብ የሚሸጡት መደብሮች ሲጠየቁ የበረዶ ውኃ በኩባያ በነፃ ይሰጣሉ።

ጾመኛም አይቸገርም። ዕፅዋት ብቻ የሆነ ምግብ በሜኑው ላይ የቅጠል ምልክት አለው፤ ወተትም እንቁላልም የለበትም። ትሮፒካል ሃይዳዌይ የተባለው መደብር የሚሸጠው ዶል ዊፕ የተባለው የአናናስ አይስክሬም ወተት ስለሌለው ዓቢይ ጾም ላይ ያለ ልጅ እየላሰ ሊሄድ ይችላል። ሻጩ ከቫኒላ ጋር ልቀላቅለው ካለ ብቻ እንቢ ይበል።

«ኦርላንዶ ያለው የአጎቴ ልጅ ሁሉን ነግሮኛል።»

የነገረው ስለ ሌላ ቦታ ነው። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ዎርልድ በ1971 የተከፈተ፣ አራት ፓርኮች በአውቶቡስ የሚገናኙበት፣ ከተማ የሚያህል ግቢ ነው። አናሃይም ያሉት ሁለት ፓርኮች፣ ዲዝኒላንድና በ2001 የተጨመረው ካሊፎርኒያ አድቬንቸር፣ በራቸው ፊት ለፊት ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆቴሉም መንገድ ተሻግሮ አለ። ከመሬት በታች ስላለው የሠራተኞች ዋሻ የሚወራውም የፍሎሪዳው ነው፤ እሱም ቢሆን ተቆፍሮ የተሠራ ሳይሆን ምድር ቤት ነው፣ ጎብኚው ከላዩ ይሄዳል።

«ሮለርኮስተሩ መሀል ላይ ከቆመ ተበላሽቷል፤ አደጋ ነው።»

ብዙውን ጊዜ ተረት። ሐዲዱ በክፍሎች የተከፈለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ ሥርዓቱ ይቆጣጠራል። ከፊት ያለው ባቡር ከዘገየ፣ ለምሳሌ መሳፈሪያው ላይ አንድ ሰው ቀበቶው አልዘጋ ብሎት ከቆየ፣ ከኋላ ያለው በራሱ ፍሬን ይይዛል። መቆሙ የጥንቃቄው ሥራ ነው። በ1959 የተከፈተው ማተርሆርን በብረት ቱቦ ሐዲድ ላይ ከሚሄዱት የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ባቡሮችን በአንድ ሐዲድ ላይ በዚህ ዘዴ ያስኬደውም እሱ ነው።

የቁመቱ ልክ ግን ቀልድ አይደለም። ስፔስ ማውንቴን 102 ሴንቲ ሜትር፣ ኢንዲያና ጆንስ 117፣ ኢንክረዲኮስተር 122 ይላል። ልኩ የተወሰነው የሚይዘው ብረት ወይም ቀበቶ ለዚያ ቁመት ስለተሠራ ነው። ወረቀት ጫማ ውስጥ ጠቅጥቆ ልጅን ማስረዘም በሩን ያሳልፍ ይሆናል፤ ቀበቶውን አያጠብም። ልጁን ቤት ለክቶ፣ የማይደርስበትን አስቀድሞ ነግሮ መሄድ እዚያ ከሚፈስ እንባ ያድናል።

«ዲዝኒላንድ ውስጥ ሰው ሞቶ አያውቅም፤ ከበር ውጭ ሳያወጡ ሞተ አይባልም።»

ተረት። በሴፕቴምበር 2003 ቢግ ተንደር ማውንቴን የተባለው ሮለርኮስተር ላይ አንድ ወጣት ሞቷል፤ የግዛቱ ምርመራ የጥገና ጉድለት አግኝቷል። በ1998 የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ኮለምቢያ በተባለችው መርከብ በደረሰ አደጋም ጎብኚ ሞቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ካሊፎርኒያ ቋሚ መጫወቻዎች በመንግሥት እንዲመረመሩና አደጋ እንዲመዘገብ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ስለዚህ የሚደበቅ ነገር የለም፤ በመዝገብ ያለ ነው።

«ስፕላሽ ማውንቴንን ሳታዩ እንዳትመለሱ።»

አይገኝም። የውኃ መጫወቻው ሜይ 2023 ተዘግቶ፣ በዚያው ቦታ በኖቬምበር 2024 የቲያና ባዩ አድቬንቸር ተከፍቷል። ውኃው ያው ነው፣ ቅያሪ ልብስ ያዙ። ቱንታውን የተባለው የልጆች መንደርም ለአንድ ዓመት ተዘግቶ በማርች 2023 ታድሶ ተከፍቷል፤ ሣርና ጥላ ተጨምሮለት ሕፃን ለሚያሳርፍ ሰው ከቀድሞው ይሻላል።

«ዋልት ዲዝኒ በበረዶ ደርቆ ከፓርኩ ሥር ተቀብሯል።»

ተረት፤ ያውም የሚያስቀው። ዋልት ዲዝኒ ዲሴምበር 15 ቀን 1966 አርፎ፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ግሌንዴል በሚገኘው ፎረስት ሎን መካነ መቃብር አርፏል። ወሬው የተነሳው ከጊዜው መገጣጠም ሳይሆን አይቀርም፤ አስከሬኑ እንዲቀዘቅዝ የተደረገው የመጀመሪያው ሰው ከዚያ አንድ ወር ያህል በኋላ ነው ዜና የሆነው።

«ማተርሆርን ተራራ ውስጥ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ አለ።»

እውነት። ከላይኛው ክፍል ውስጥ ሠራተኞች የሚጫወቱበት ቅርጫት ተሰቅሏል። ለጎብኚ ግን አይከፈትም።